መኪና የሚያጥወለውለው ሰው ከጅማ ሳይወጣ በስልክ እንዴት ይታከማል?

ጅማ መናኸሪያ ንጋት ላይ ቆማችሁ ከሆነ ታውቋቸዋላችሁ። አንዱ ሎሚ ይዟል። አንዷ ጤና አዳም በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራለች። ሌላው ከሱቅ ሦስት ፌስታል እየገዛ ነው። መኪናው ገና አልተነሳም፤ የእነሱ ፊት ግን ከአሁኑ ገርጥቷል።

የእኛም ቤት እንደዚያው ነው። አባቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ መኪና ያጥወለውላቸዋል። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለሕክምና ቀጠሮ አዲስ አበባ መሄድ ነበረባቸው። ጎረቤት አንድ ፍሬ ኪኒን ሰጣቸው። «ይቺን ይዋጡ፣ እስከ አዲስ አበባ ድረስ ይተኛሉ» ተባለ። እውነትም አላስመለሳቸውም። ወሊሶ ስንደርስ ግን ሽንት አልወጣ አላቸው። ጭንቀታቸውን አልረሳውም። አዲስ አበባ ገብተን በቱቦ ነው የወጣላቸው። ፕሮስቴታቸው ማበጡን ቤተሰቡ ሁሉ ያውቃል። እንዲህ ያለ ኪኒን ሽንት ሊይዝ እንደሚችል ግን ማናችንም አናውቅም ነበር። አንድ ሐኪም በስልክ ሁለት ደቂቃ ቢያናግረን ኖሮ ያ ሁሉ ስቃይ ባልደረሰ ነበር።

ይህን መመሪያ የምጽፈው ለዚያ ነው። «መኪና ነው፣ ምን ይደረጋል» ብላችሁ ችላ አትበሉት። ይታከማል። ለዚህም ሆስፒታል ሄዶ መሰለፍ ብዙ ጊዜ አያስፈልግም።

በስልክ መታከም ለምን ይቻላል?

ሆዱን የሚያመውን ሰው ሐኪም በእጁ መንካት አለበት። የሚያስለውን ደረቱን ማዳመጥ አለበት። የመኪና ማጥወልወል ግን የሚታወቀው ከታሪኩ ነው። ውስጠኛው ጆሯችን ውስጥ ሚዛን የሚጠብቅ ክፍል አለ። መኪናው ሲጠማዘዝ ይህ ክፍል «እየተንቀሳቀስን ነው» ይላል። ዓይናችን ደግሞ የፊት ወንበሩን ጀርባ ወይም ስልክ እያየ «ቁጭ ብለናል» ይላል። አንጎል ሁለቱን ማስታረቅ ሲያቅተው ላብ ላብ ይለናል፣ ምራቅ አፋችንን ይሞላል፣ ከዚያ ያቅለሸልሸናል። ስለዚህ የሆድ በሽታ አይደለም። ላብራቶሪም ራጅም አያሳየውም። የሚያሳየው የእናንተ ወሬ ነው። ወሬ ደግሞ በስልክ ይነገራል።

ይህ ማለት ግን የሥራው ግማሽ የእናንተ ነው ማለት ነው። ታሪኩን በደንብ ያላዘጋጀ ሰው በደንብ አይታከምም።

መጀመሪያ፦ በእርግጥ መኪናው ነው?

የጉዞ ማጥወልወል መልኩ ግልጽ ነው። መኪና ውስጥ ይጀምራል፣ ሲወርዱ ቀስ በቀስ ይለቃል። ምናልባት የሰዓታት ድካም ይተዋል እንጂ በማግስቱ አይቀጥልም። የእናንተ እንደዚህ ካልሆነ በስልክ አትጀምሩ።

እነዚህ ሲኖሩ በአካል ሄዳችሁ ታዩ፦ መኪና ሳይኖር ቤት ውስጥ የሚያዞር ከሆነ፣ አንድ ጆሮ መስማት ከቀነሰ ወይም ከጮኸ፣ ከባድ ራስ ምታት ካለ፣ ራስ ተመትቶ ከሆነ፣ ማስመለሱ ከአንድ ቀን በላይ ከቆየ፣ ትውከቱ ደም ካለው። ንግግር ከተኮላተፈ፣ ፊት ከተጣመመ፣ ወይም አንድ እጅና እግር ከዛለ ደግሞ ደቂቃ አታባክኑ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። ከተማው ውስጥ ከሆናችሁ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።

ለእኛ አካባቢ አንድ ነገር ልጨምር። ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ካለ መጀመሪያ ወባ ተመርመሩ። ጊቤ በረሃም ሆነ በዙሪያችን ያለው ቆላ የወባ አገር ነው። ከቆላ ተመልሶ የሚያስመልሰውን ሰው «መኪናው ነው» ብሎ ማሳደር ያስቆጫል። ወባ በደም ምርመራ እንጂ በስልክ አይታወቅም።

የወር አበባዋ የቀረባት ሴትም ከመድኃኒቱ በፊት የእርግዝና ምርመራ ታድርግ። እርግዝና ራሱ ያስመልሳል። የመኪናውንም ያብሰዋል።

ከጉዞው አንድ ሳምንት በፊት ደውሉ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ማታ ሻንጣ እየሸከፈ ነው ሐኪም የሚፈልገው። ያኔ መድኃኒት ቤቱ ዝግ ነው፣ ሐኪሙም ቸኩሏል። አንድ ሳምንት ካላችሁ ማዘዣውን ትቀበላላችሁ፣ መድኃኒቱን ፈልጋችሁ ታገኛላችሁ፣ ቤት ውስጥም ትሞክሩታላችሁ። ቢያንስ ሦስት ቀን ይኑራችሁ።

ከመደወላችሁ በፊት አንድ ወረቀት ውሰዱና እነዚህን ጻፉ። በስልክ መሃል ኔትወርክ ቢቆረጥ እንኳ ሐሳባችሁ አይቆረጥም።

ስንት ዓመት ሆናችሁ? ማጥወልወሉ መቼ ጀመረ? በምን ዓይነት መኪና ይብሳል፣ በትልቅ አውቶቡስ፣ በቅጥቅጥ ወይስ በሚኒባስ? የት ስትቀመጡ? ከተነሳችሁ ከስንት ደቂቃ በኋላ? ይህን በቦታ ስም ብትናገሩ ጥሩ ነው። «ሰርቦ ሳንደርስ» እና «ጊቤ ቁልቁለት ላይ» የሚሉት ሁለት መልሶች ለሐኪሙ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያው ገና ከጅማ ብዙ ሳይርቅ የሚጀምረው፣ በጣም የሚያጠቃው ሰው ነው። ሁለተኛው ጠመዝማዛ ካልመጣ የሚችል ሰው ነው።

ቀጥሎ ሌሎች በሽታዎቻችሁን ጻፉ። የዓይን ግፊት ወይም ግላኮማ፣ የፕሮስቴት እብጠት፣ አስም፣ የሚጥል በሽታ፣ የልብ ወይም የጉበት ሕመም፣ ማይግሬን። ማይግሬን ያለበት ሰው መኪና ቶሎ ያጥወለውለዋል፤ አንዱን ማከም ሌላውን ሊያቀልም ይችላል። የምትወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ከማሸጊያው ላይ ገልብጡ። በተለይ የእንቅልፍ፣ የጭንቀትና የአእምሮ ሕመም መድኃኒት እንዳትረሱ። ነፍሰ ጡር ወይም የምታጠባ እናትም ትናገር።

ጫትና መጠጥም ይጻፍ። ጅማ ነን፣ አንተፋፈር። ሐኪሙ የሚጠይቀው ሊወቅስ አይደለም። ጫት ያነቃል፣ የጉዞ ኪኒን ያስተኛል፤ አንዱን በሌላው ላይ መደራረብ ልብንም እንቅልፍንም ያዛባል። ከመጠጥ ጋር ደግሞ ኪኒኑ ድንዝዝ አድርጎ ያስቀራል።

ለልጅ ከሆነ ክብደቱን በኪሎ ያዙ። ጤና ጣቢያ ወይም መድኃኒት ቤት ሚዛን አለ። የልጅ መጠን በግምት አይታዘዝም።

አንድ ነገር ደግሞ ቀድማችሁ ብትሠሩ ጊዜ ታተርፋላችሁ። ሰፈራችሁ ያለው ፋርማሲ ጎራ በሉና «ለመኪና ማጥወልወል ምን ምን አላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። ስማቸውን በእንግሊዝኛ ፊደል ያስጽፉ፣ ወይም ማሸጊያውን ፎቶ አንሱ። ሐኪሙ ከዚያ ውስጥ ይመርጥላችኋል። አዲስ አበባ የተቀመጠ ሐኪም ጅማ ፋርማሲ ውስጥ ያለውን አያውቅም፤ የሌለ መድኃኒት ታዞ ስንዞር የዋልንበት ቀን አለ።

ማንን ነው የምታናግሩት?

በስልክ፣ በቴሌግራም፣ በመተግበሪያ የሚያክሙ አሉ። አንዳንድ የግል ክሊኒክም ለነባር ታካሚው በስልክ ያማክራል። ከሁሉ በፊት ግን የሚያውቃችሁን ሐኪም ሞክሩ። ካርዳችሁ ያለበት ክሊኒክ ሄዳችሁ «በስልክ ማማከር ይቻላል?» ብላችሁ ጠይቁ። በሽታችሁን የሚያውቅ ሰው ከማንም ይሻላል።

አዲስ ሰው ከሆነ ሙሉ ስሙን፣ ሙያውን፣ የት እንደሚሠራና የሙያ ፈቃድ እንዳለው ጠይቁ። ይህን መጠየቅ ድፍረት አይደለም። «ዶክተር፣ ይቅርታ፣ የሙያ ፈቃድዎን ማየት እችላለሁ?» ማለት በቂ ነው። ደህና ሐኪም አይቆጣም። የሚቆጣ ከሆነ መልሱን አገኛችሁ። አንድም ጥያቄ ሳይጠይቅ መድኃኒት የሚያዝዝን፣ ወይም መድኃኒቱን ራሱ በፖስታ የሚሸጥን ሰው ተዉት።

ክፍያውን ቀድማችሁ ተስማሙ። በቴሌብር ወይም በባንክ ከከፈላችሁ የማረጋገጫ መልእክቱን አታጥፉት።

የንግግሩ ቀን

ስልካችሁን ቻርጅ አድርጉ። መብራት የሚጠፋበት ሰፈር ከሆነ ጠዋት ጨርሱ። ቪዲዮ ግዴታ አይደለም፤ ኔትወርኩ ደካማ ከሆነ ተራ ጥሪ ይበልጣል። ታማሚው ራሱ ይናገር። ትልልቅ ሰዎች ሲሆኑ ልጅ ወይም የልጅ ልጅ አጠገባቸው ይቀመጥ፤ ሁሉን ነገር ግን እሱ አይመልስላቸው። አባቴ የሽንታቸውን ነገር በእኛ ፊት አይናገሩም ነበር። ስልኩን ይዘው ጓዳ ሲገቡ ነው ለሐኪሙ በደንብ የነገሩት። ለእናት አባቶቻችሁ ይህን ዕድል ስጧቸው።

ቪዲዮ ካለ ሐኪሙ ቁሙ፣ ጥቂት ተራመዱ፣ ጣት በዓይናችሁ ተከተሉ ሊል ይችላል። የጆሮና የአንጎል ችግር አለመኖሩን እያየ ነው። የደም ግፊት ለኩ ከተባላችሁም ፋርማሲ ወይም ጤና ጣቢያ ተለኩና ቁጥሩን ላኩ።

ከመዝጋታችሁ በፊት እነዚህን በቃላችሁ መልሳችሁ ንገሩት፦ የመድኃኒቱ ስም፣ ስንት ሚሊግራም፣ በስንት ሰዓት፣ ከጉዞው ምን ያህል ቀድሞ፣ በቀን ከስንት አይበልጥም። ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር ይሁን በፈረንጅ አረጋግጡ። ከዚያ በጽሑፍ እንዲልክላችሁ ጠይቁ።

ስለ መድኃኒቶቹ

ይህን የምጽፈው ራሳችሁን እንድታክሙ አይደለም። ሐኪሙ ሲናገር እንድትከተሉት፣ የቀረ ነገር ካለም እንድትጠይቁ ነው።

ሁሉም ማጥወልወሉ ከመምጣቱ በፊት የሚወሰዱ ናቸው። አንዴ ማስመለስ ከጀመረ የዋጣችሁት ኪኒን ይወጣል፣ ሆድም በደንብ አይቀበለውም። «ሲጀምረኝ እውጣለሁ» የሚል ሰው ኪኒኑን ያባክናል።

ዳይመንሃይድሪኔት የታወቀ ነው። ለአዋቂ ብዙ ጊዜ 50 ሚሊግራም፣ ከመነሳት ከ30 ደቂቃ እስከ 1 ሰዓት ቀድሞ ይታዘዛል። የሚሠራው ከ4 እስከ 6 ሰዓት ነው። ከጅማ አዲስ አበባ መንገዱ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ምሳውና ፍተሻው ተጨምሮ ከዚያ በላይ ይወስዳል። ስለዚህ «ዶክተር፣ መንገድ ላይ ሁለተኛ ልውሰድ?» ብላችሁ ጠይቁ። የኪኒኑ ኃይል መንገድ ላይ እንዳያልቅ ብዬ ነው እንጂ በራሳችሁ እንድትደግሙ አይደለም።

ሜክሊዚን ከመነሳት 1 ሰዓት ቀድሞ ይወሰዳል። ጥቅሙ ረጅም መቆየቱ ነው፤ እስከ 24 ሰዓት ሊሠራ ይችላል። እንቅልፉም ለብዙ ሰው ቀለል ይላል። ለጾመኛ ይህ ትልቅ ነገር ነው። በረመዳን ሱሁር ላይ የሚዋጥ ኪኒን መንገዱን ሁሉ ሊሸፍን ይችላል። መጾማችሁን ለሐኪሙ ንገሩት፤ ካልነገራችሁት በቀትር የሚወሰድ ያዝዝላችኋል።

ፕሮሜታዚን ጠንከር ያለ ነው። ከባድ እንቅልፍ ያመጣል። ከ2 ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት ፈጽሞ አይሰጥም፤ ትንፋሽ ሊያቆም ይችላል። «ልጁ ይተኛልኝ» ብሎ ሽሮፕ የሚሰጥ ወላጅ አለ። እባካችሁ አታድርጉት። ደግሞም ከ2 ዓመት በታች ያለ ሕፃን መኪና የሚያጥወለውለው እምብዛም ነው። የሚበረታው ከ2 እስከ 12 ዓመት ነው። ሕፃን የሚያስመልሰው ከሆነ ሌላ ምክንያት ይፈለግ።

ከጆሮ ጀርባ የሚለጠፍ ስኮፖላሚን የሚባልም አለ። ውጭ አገር ያለ ዘመድ የላከላችሁ ካለ ሐኪም ሳይፈቅድ አትለጥፉ። ከመነሳት ቢያንስ 4 ሰዓት ቀድሞ ይለጠፋል፣ 3 ቀን ይቆያል። የነካችሁበትን እጅ ሳትታጠቡ ዓይናችሁን ብትነኩ ዓይን ይደበዝዛል። ለልጅ አይሆንም።

ከላይ የጠቀስኳቸው ሁሉ አፍ ያደርቃሉ፣ ያስተኛሉ። ግላኮማ ላለበት የዓይን ግፊት ሊጨምሩ ይችላሉ። ፕሮስቴት ላበጠበት ሽንት ሊይዙ ይችላሉ። የአባቴ ነገር ይኸው ነበር። ሹፌር ደግሞ ከነጭራሹ አይውሰድ። ሞተር የሚያሽከረክርም እንደዚያው።

አሁን ብዙ ሰው የማያውቀውን ልንገራችሁ። ፕላሲል የምንለው፣ ማለትም ሜቶክሎፕራሚድ፣ ለትውከት ጥሩ መድኃኒት ነው፤ ለመኪና ማጥወልወል ግን አይረዳም። ኦንዳንሴትሮንም እንደዚሁ። እነዚህ የሚሠሩት በሌላ መንገድ በሚመጣ ትውከት ላይ ነው። ለአለርጂ የምንወስደው ሴትሪዚንም ቢሆን፣ ከላይ ካሉት የጉዞ ኪኒኖች ጋር አንድ ቤተሰብ ቢሆንም፣ መኪናውን አያስቆምም። «ፕላሲል ውጬ አልሠራልኝም» ያለ ሰው መድኃኒት እምቢ ያለው አይደለም። ትክክለኛውን ገና አልሞከረም።

ዝንጅብል አንዳንድ ሰው ይረዳል፣ አንዳንዱን አይረዳም። ጉዳቱ ትንሽ ስለሆነ ብትሞክሩት ክፋት የለውም። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የምትወስዱ ግን መጀመሪያ ጠይቁ። ሎሚውንም አትጣሉት። መጥፎ ሽታ፣ በተለይ የነዳጅ፣ ማጥወልወሉን ያባብሳል፤ ሎሚ እሱን ይሸፍናል።

ፋርማሲ ስትሄዱ

ማዘዣውን በስልካችሁ አሳዩ። ያለ ማኅተም አንሰጥም ካሉ ሐኪሙ የወረቀት ማዘዣ በሰው ወይም በአቅራቢያ ባለ ክሊኒክ በኩል እንዲያደርስ ጠይቁት። ባለሙያው «ይሄ የለም፣ ይሄኛው ያው ነው» ካላችሁ ፎቶ አንስታችሁ ለሐኪሙ ላኩ፣ መልስ ሳይመጣ አትዋጡ። የሚያበቃበትን ቀን እዩ። ተቆርጦ በወረቀት የተጠቀለለ ፍሬ ከሆነ ስሙን በላዩ ላይ ያስጽፉ። አባቴ የዋጡት እንዲህ ያለ ስም የለሽ ፍሬ ነበር። ሐኪሞቹ ምን እንደዋጡ ለማወቅ ጎረቤት ድረስ መደወል ነበረብን።

ከዚያ ሐኪሙ ከፈቀደ ሥራ በሌለበት ቀን ቤት ሆናችሁ አንዱን ሞክሩ። ምን ያህል እንደሚያስተኛችሁ ታያላችሁ። ሲያዞር፣ ልብ ሲመታ፣ ሽንት ሲዘገይ ካያችሁ ለሐኪሙ መልሳችሁ ደውሉ። ይህን ችግር መንገድ ላይ ሰኮሩ ደርሶ ከማወቅ ቤት ማወቅ ይሻላል።

የጉዞው ቀን

መኪናው 12 ሰዓት የሚነሳ ከሆነ ኪኒኑ 11 ሰዓት ላይ ይዋጣል። የሚነሳው ግን ሞልቶ ነው። ስለዚህ ረዳቱን «መቼ ይሞላል?» ብላችሁ ጠይቁና ሰዓታችሁን በዚያ አስተካክሉ።

ባዶ ሆድ ይሻላል የሚባለው ልክ አይደለም። ባዶ ሆድም የሞላ ሆድም ያጥወለውላል። ደረቅ ዳቦ በሻይ ይበቃል። ቅቤ የበዛበት ጭኮ ሲደርሱ ይበላል። ቡና የለመደ ሰው አንድ ስኒ ይጠጣ፤ ቡናው ሲቀር ራሱ ያማል።

ጋቢና ካገኛችሁ ጋቢና ተቀመጡ። አውቶቡስ ከሆነ ከፊት፣ በመስኮት በኩል። ወደ ኋላ የሚያይ ወንበርና ኋለኛው ረድፍ መጥፎ ናቸው። ትኬት ሲቆረጥ ቀድማችሁ ተናገሩ። ራሳችሁን ወንበሩ ላይ ደገፍ አድርጉና ሩቅ ተራራ እዩ። ወይም ዓይናችሁን ጨፍኑ። ቲክቶክ ጊቤን እስክታልፉ ይቆይ። አበልቲን አልፎ ወደ ጊቤ ወንዝ የሚወርደው ጠመዝማዛና ወደ ወልቂጤ የሚወጣው ዳገት ዋናው ፈተና ነው። እዚያ ላይ ወሬም ንባብም ይቅር።

መስኮት የሚያዘጉ ተሳፋሪዎችን አንድ ነገር ልለምን። ንፋስ ይመታኛል ብላችሁ ነው፣ ይገባኛል። አጠገባችሁ ላለው ሰው ግን ያቺ የንፋስ ክፍተት መድኃኒቱ ናት። ጋቢያችሁን ደረብ አድርጉና ለጥቂት ደቂቃ ታገሡት።

አስመልሶ ከሆነ ውኃ በትንሽ በትንሹ ይጠጣ። በአንድ ትንፋሽ የተጠጣ ይመለሳል።

ከደረሳችሁ በኋላ

ሐኪሙን መልሳችሁ አግኙት። አጭር መልእክት ይበቃል፦ በስንት ሰዓት ዋጣችሁ፣ የት ጀመረ፣ እንቅልፉ እንዴት ነበር። የመመለሻው መጠን ከዚያ ይስተካከላል። ከጅማ ቦንጋ ወይም በደሌ መመላለስ ያለበት ሰው ደግሞ ስለ ልምምድ ይጠይቅ። ሰውነት እንቅስቃሴውን ይለምዳል። ከጅማ ሰርቦ ሄዶ መመለስ፣ ጥቂት ቀን ያንኑ መድገም፣ ከዚያ ትንሽ ራቅ ማድረግ። መድኃኒት ለማይስማማው ሰው ይህ ቁም ነገር ነው።

አባቴ አሁን ኪኒን አይወስዱም። በስልክ ያናገሩት ሐኪም «ለእርስዎ መንገዱን እንከፋፍለው» አሏቸው። ጋቢና ተይዞላቸው ይሄዳሉ፣ ጊቤን ያልፋሉ፣ ወልቂጤ ያድራሉ። በማግስቱ ጠዋት ቀሪውን ይጨርሳሉ። ሎሚው አሁንም ኪሳቸው ውስጥ ነው።